አባቴን ድሃ ለማድረግ

አባቴን ድሃ ለማድረግ አራት ወር ፈጀብን። ሥራው ቀላል ይመስለኝ ነበር። ቤት የላቸውም፤ መኪናቸውን ከሸጥነው ቆይቷል፤ ባንክ ያለቻቸው ገንዘብ ደህና ፍሪጅ አትገዛም። ድህነታቸውን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው ያውቃሉ፣ ከሲያትል አጠገብ ቱክዊላ ያለው የአፓርታማችን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው መንግሥት ብቻ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ነው። ቀኝ እጃቸውንና ቀኝ እግራቸውን አደከመው። አእምሯቸውን አልነካውም፤ ምላሳቸውንም አልነካውም፤ ይህን ሐኪሙ እንደ ትልቅ ዜና ሲነግረኝ እኔ ቀድሞም ገብቶኝ ነበር፤ ምክንያቱም አልጋቸው ላይ እንዳሉ የነርሷን አጻጻፍ ሲያርሙ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ያለው አንድ ነገር ነው። ቀን ቀን ብቻቸውን መዋል የለባቸውም።

እኔ ደግሞ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር እገፋለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሰው አባት ከመግቢያው በር እስከ አውሮፕላኑ አድርሼ፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካክዬ፣ «ደህና ይግቡ» ብዬ እመለሳለሁ። በዚያው ሰዓት የራሴ አባት ግድግዳ ተደግፈው ከመታጠቢያ ቤት ወደ ሶፋ ይጓዛሉ። መጋቢት ላይ ወደቁ። አሥር ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ኮሪደሩ ላይ በጎናቸው ተኝተው አገኘኋቸው። ከአራት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ምነው ያልደወሉልኝ?» አልኳቸው።

«ሥራሽ ላይ እንዳልረብሽሽ ብዬ» አሉ።

ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ሥር ግን ያለው ፍርሃት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ እጄ ዊልቸሩ ላይ፣ አንድ እጄ ስልኬ ላይ ሆነ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀኝ። አንድ ሰው ቤት መጥቶ የሚውልበት መንገድ ካልተገኘ፣ ወይ ሥራዬን ወይ አባቴን አንድ ቀን ወለል ላይ እንደማጣ ገብቶኝ ነበር።

የሽማግሌዎቹ ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬር የሚባለው፣ ሐኪምና ሆስፒታል ይከፍላል። በየቀኑ መጥቶ የሚያጥብ፣ የሚያበላ፣ ሲነሱ የሚደግፍ ሰው ግን አይከፍልም። እሱን የሚከፍለው የድሆቹ ነው፤ ሜዲኬይድ። በአባቴ ዕድሜ ላለና እንዲህ ዓይነት እርዳታ ለሚጠይቅ ሰው ደግሞ ገቢውን ብቻ ሳይሆን ያለውን ንብረትም ያያሉ። ጣሪያው ሁለት ሺህ ዶላር ነው። አባቴ ሁለት ሺህ ዶላር ባንድ ላይ የያዙበትን ቀን ስለማላስታውስ ደስ አለኝ።

ስለ አባቴ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ሲያትል ሲመጡ መሃል ከተማ ባለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ቆራጭ ሆኑ። እሳቸው እንደሚሉት ሥራው አንድ ነው፤ የገባ ነገር ሁሉ ያለ ወረቀት እንዳይወጣ መጠበቅ። ስለዚህ ፎርም ሲያዩ እኔ የማየውን አያዩም። እኔ ፎርም የምሞላው አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደተቃረበ ሰው ነው። እሳቸው መነጽር ያወልቃሉ፣ ይጠርጋሉ፣ መልሰው ያደርጋሉ።

ላይፍ ኢንሹራንስ አለዎት ወይ የሚለው ጥያቄ ላይ ስደርስ «የለም» የሚለውን ምልክት አደረግሁበት። የአባቴ ግራ እጅ መጣና ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«እድር አለኝ» አሉ።

«አባባ፣ እድር ኢንሹራንስ አይደለም።»

«ስሞት ይከፍላል?»

«ይከፍላል።»

«በየወሩ አዋጣለሁ?»

«ያዋጣሉ።»

«ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? ከታች የሚፈርመው እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም።»

ለሥራ ረፍዶብኝ ነበር። «የለም»ን ሰርዤ፣ ክፍቱ ቦታ ላይ የኮሚኒቲ የቀብር ማኅበር አባል መሆናቸውን ጻፍኩ። በዚያች መስመር ሁለት ወር ሄደ።

ጉዳያችንን የያዘችው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኬዝወርከሯ፣ ደወለች። አባቴ እኔ እንዳስተረጉም አልፈቀዱም፤ ልጅ ለአባቷ ገለልተኛ አትሆንም ብለው። ስለዚህ ከየት እንዳለ የማናውቀው አንድ አስተርጓሚ በስልክ ገባ። ሴትዮዋ ትሁት ነበረች፤ ጥያቄዋም ትክክል ነበር። አባትዎ ነገ ከዚህ ማኅበር ቢወጡ ስንት ይመልሱላቸዋል? ሳይሞቱ ተሰርዞ ገንዘብ የሚወጣበት ኢንሹራንስ ሀብት ነው፤ ይቆጠራል። ሞት እስኪመጣ አንድ ሳንቲም የማይሰጥ ከሆነ ግን አይቆጠርም። ከማኅበሩ ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ አምጡ አለች። ስልኩን ስዘጋ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

የእድሩ ሊቀ መንበር ጎረቤታችን ከተማ ቡሪየን ውስጥ ሱቅ አላቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድና ማኅተም ከአንድ መሳቢያ አጠገብ ላጠገብ ይገኛል። ደብዳቤ ያስፈልገናል፣ ለመንግሥት ነው፣ ለአባባ ሕክምና ነው አልኳቸው። ለምን እንደሆነ በዝርዝር ላስረዳ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ለሳቸውማ ሳይነገረኝ እጽፋለሁ። አንቺ ብቻ ሰላም ሁኚ።»

እዚህ ላይ ስህተቱ የኔ ነው። እኛ ደብዳቤ የምንጽፈው ለማሞገስ እንደሆነ ረሳሁት። ለቪዛ የምንጽፈው ሙገሳ ነው፤ ለአፓርታማ የምንጽፈው ሙገሳ ነው፤ ትራፊክ ለያዘው ሰው ሳይቀር ስለ መልካም ጠባዩ ጽፈን ማኅተም እንመታለን። ከሦስት ቀን በኋላ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። ከፍቼ እንዳላይ አባቴ ከለከሉኝ፤ በሳቸው ሕግ የታሸገ የጽሕፈት ቤት ፖስታ መክፈት ወንጀል ነው። ሳይከፈት ተላከ።

ምን እንደሚል ያወቅሁት ኬዝወርከሯ ስትደውል ነው። አባቴ የማኅበሩ መሥራችና ምሰሶ መሆናቸው ተጽፏል። ማኅበሩ ከዕዳ ነጻ የሆነ አዳራሽ እንዳለውና አዳራሹ የመሥራቾቹ የላብ ፍሬ መሆኑ ተጽፏል። ካዝናው ጠንካራ እንደሆነ፣ አባቴም በማናቸውም የማኅበሩ ሀብት ላይ ሙሉ መብት ያላቸው የተከበሩ ባለቤት እንደሆኑ ተጽፏል። በመጨረሻም መንግሥት ማናቸውንም ትብብር እንዲያደርግላቸው ይጠይቃል። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገችና የአባቴ ድርሻ ከአዳራሹ ስንት እንደሆነ ጠየቀች።

አባቴ ይህን በአስተርጓሚው በኩል ሲሰሙ ትንሽ ቀና ብለው ተቀመጡ። ደስ ሳይላቸው አልቀረም። እኔ ግን ያን ቀን ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ገፍቼ፣ ሦስቱንም እያየሁ ኮሪደሩን ሳስብ ነበር የዋልኩት። ባለ አዳራሽ አባት አልነበረም የፈለግሁት።

በማግስቱ ከሥራ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምንም የላቸውም ብለው ይጻፉልኝ» አልኳቸው።

ሊቀ መንበሩ የሚመዝኑትን ሽሮ አስቀመጡ። «ኖ፣ ኖ፣ እንደሱማ አይሆንም። ስለ እሳቸው፣ በማኅተም፣ ምንም የላቸውም? ነገ ልጆቻችን ፋይሉን ቢያዩት ምን ይላሉ?»

«የሚያየው መንግሥት ነው።»

«ባሰ።»

«ኦኬ፣ እንዲህ እንበለው። ቢለቁ ምን ይሰጧቸዋል?»

«የለቀቀ ሰው የለም።»

«ቢለቁስ?»

«ለምን ይለቃሉ? በኛ ተቀይመዋል?» አሉና ፊታቸው ተለወጠ።

አባቴ ጋ ኮል አድርጌ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት። ሊቀ መንበሩ ቆመው ሰላምታ ሰጡ። አባቴ ሰላምታውን ተቀበሉና፣ «ወረቀት ያዝ» አሏቸው። ከዚያ ችሎት ላይ ውሳኔ እንደሚያጽፉ ሁሉ ቀስ ብለው አጻፉ። አባል ነኝ። አዳራሹ የማኅበሩ ነው፤ የኔ ድርሻ የለበትም። ብለቅ የሚመለስልኝ ገንዘብ የለም። የሚከፈለው ስሞት ብቻ ነው።

«ጨርሻለሁ» አሉ።

ሊቀ መንበሩ ጻፉ፣ ማኅተሙንም መቱ። ግን እጃቸው ከወረቀቱ አልተነሳም።

«ከታች 'የተከበሩ ሰው ናቸው' ልበል?» አሉኝ፤ ልመና ነበረው ድምፃቸው።

መከበር ከሁለት ሺው ውስጥ ስለማይቆጠር ይጨምሩ አልኳቸው።

ደብዳቤው ተቀባይነት አገኘ። የቀረው የመጨረሻው የስልክ ቃለ መጠይቅ ነበር። ኬዝወርከሯ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበች፤ አስተርጓሚው አስተረጎመ፤ አባቴ «የለኝም» እያሉ መለሱ። እኔ የቡና ስኒ እያጠብኩ ነበር። የመጨረሻው እንዲህ የሚል ነበር። እርስዎ የሚከፍሉት፣ ከፈለጉም በራስዎ ፈቃድ ሰርዘው ገንዘቡን መውሰድ የሚችሉት ሌላ ኢንሹራንስ አለ ወይ?

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እኔ «የለም» ልል አፌን ከፈትኩ።

«አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አሉ አባቴ። ተደግፈው የሚሄዱበትን ዎከር ይዘው ተነሱና ወደ መኝታ ቤት ሄዱ። ሴትዮዋ፣ አስተርጓሚውና እኔ የዎከሩን ኳኳታ እየሰማን ጠበቅን። ሲመለሱ ብብታቸው ሥር ሰማያዊ ማኅደር ነበር። ሽፋኑ ላይ በዚያ በጥንቱ ቆንጆ የቀኝ እጅ ጽሕፈታቸው ስሜ ከነአያቴ ተጽፏል።

ውስጡ ያለው የአሥር ሺህ ዶላር ላይፍ ኢንሹራንስ ነበር። የገዙት እናቴ በሞተች በዓመቱ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ወረቀት ከሚያድል ከኛው ሰው። አሥራ ስድስት ዓመት፣ መጀመሪያ ከመኪና ማቆሚያው ደመወዝ፣ በኋላ ከጡረታው፣ በየወሩ ከፍለዋል። እኔ ምንም አላውቅም። ሲሞቱ ገንዘቡ የሚሰጠው ለኔ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጮህኩባቸው። ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ግን ጮህኩ።

«እድሩን እንኳ ካላስመዘገብኩ ብለው ሁለት ወር አቃጠሉን። ይህን ምነው ደበቁት?»

«አልደበቅኩም» አሉ፤ ቅር ብሏቸው። «የኔ አይደለማ። ስምሽን አንብቢ። እድሩ የኔ ነው፤ ለኔ ሬሳ ነው። ይሄ ያንቺ ነው። የሰው ንብረት በኔ ስም እንዴት አስመዘግባለሁ?»

«ታዲያ ዛሬ ለምን አወጡት?»

«ሰርዘው መውሰድ ይችላሉ ወይ አለችኝ። አስቤው አላውቅም። ግን እችላለሁ።»

ክርክራቸው ቀዳዳ አልነበረውም። ሕጉ ግን የሚያየው ገንዘቡ በመጨረሻ ለማን እንደሚደርስ ሳይሆን፣ ዛሬ ማን ሊያወጣው እንደሚችል ነው። ኩባንያው ሲጠየቅ፣ አሁን ቢሰረዝ የሚመለሰው አምስት ሺህ እንደሚጠጋ ጻፈ። ያ ከጣሪያው በላይ ነው። ለቀብር ብቻ የምትበቃ ትንሽ ኢንሹራንስ ቢሆን አይቆጠርም ነበር። ተርም የሚሉት፣ ካልሞቱ ምንም የሌለው ርካሹ ዓይነት ቢሆንም አይቆጠርም ነበር። የአባቴ ጥፋት ጥሩውን መግዛታቸው ነው።

«ለኔ ቢሰጡኝስ?» ብዬ ኬዝወርከሯን ጠየቅኋት። እርዳታ ሊጠይቁ ሲሉ ለልጅ መስጠት ራሱ ሌላ ጣጣ እንዳለው፣ እርዳታውንም ሊያዘገይ እንደሚችል ነገረችኝ። የተፈቀደ መንገድ ግን አለ። ኢንሹራንሱን ይሰርዙ፤ ገንዘቡን ለራሳቸው ያውሉት። ለምሳሌ ቀብራቸውን፣ ዳግመኛ በማይሻር ውል፣ አስቀድመው ይክፈሉ። ያ አይቆጠርም።

እንግዲህ በሕይወት እንዲኖሩ የሚረዳ ሰው ቤታችን እንዲመጣ፣ አባቴ መጀመሪያ ሞታቸውን ከፍለው መጨረስ ነበረባቸው። ይህን እንዴት እንደምነግራቸው ሁለት ቀን አሰብኩ። ስነግራቸው ሱፋቸውን እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ።

ኢንሹራንሱ ተሰርዞ ገንዘቡ ሲመለስ፣ የዕረፍት ቀኔን ጠብቀን ሰሜን ሲያትል ከኖርዝጌት አለፍ ብሎ ወዳለ የቀብር ድርጅት ሄድን። እናቴ ያረፈችው እዚያው አቅራቢያ ነው፤ ጎኗ ያለው ቦታም ያኔ አብሮ ተገዝቷል። የእድሩ ሰው ሁሉ አባቴ አገር ቤት ተልከው እንደሚቀበሩ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ጠይቋቸው ግን አያውቅም። «እናትሽን እዚህ ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አሉኝ ታክሲ ውስጥ፣ እንደ ተራ ነገር።

ድርጅቱ ውስጥ ያስተናገደችን ልጅ ለሐዘንተኛ የሚሆን ዝግ ያለ ድምፅ ይዛ ነበር የተቀበለችን። ሟቹ ተቀምጠው ዋጋ ሲጠይቁ ድምፅዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት። አባቴ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አንኳኩ። በጣም የሚያብረቀርቀውን «ይሄ ለሹም ነው» ብለው አለፉት። ከርካሾቹ አንዱን መረጡና ስለ እንጨቱ አጥብቀው ጠየቁ። ውሉ ላይ ሲደርሱ፣ «እኔ ራሴ ሐሳቤን ብቀይር ይሰረዛል?» አሏት፤ እኔ አስተረጎምኩ። አይሰረዝም አለች። «ጥሩ» አሉና ለወራት በተለማመዱት በግራ እጃቸው ፈረሙ። ደረሰኙን በሦስት ቅጂ ወሰዱ።

ወሬው ቡሪየን ሳይደርስ አልቀረም። ሊቀ መንበሩ በሳምንቱ ቤታችን መጡ። ተቀይመው ነበር፤ ብርቱካናቸውን ግን ይዘው ነው የመጡት።

«ጋሼ፣ ቀብርዎን ለባዕድ ከፈሉ አሉ። እንግዲህ እኛ ምን ልንሠራ ነው?» አሉ።

«እናንተ ታለቅሳላችሁ» አሉ አባቴ። «እሱን አልከፈልኩበትም።»

የመንግሥት የውሳኔ ደብዳቤ ዓርብ ቀን መጣ። ንብረታቸው ከተፈቀደው በታች መሆኑ ተረጋግጧል፤ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከሰኞ ጀምሮ በሥራ ቀናት አብሯቸው የሚውል ሰው ይመጣል። አባቴ መነጽራቸውን ጠርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጥግ ላይ በግራ እጃቸው፣ በተጣመሙ አኃዞች፣ የደረሰበትን ቀን ጻፉ።

«ሶ፣» አሉ፤ ይህቺን የእንግሊዝኛ ቃል የመኪና ማቆሚያው ነው ያስተማራቸው፤ «አሁን በይፋ ድሃ ነኝ።»

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

አልሳቁም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ሰማያዊ ማኅደር ያዩ ነበር።

«ላንቺ ግን ምንም አልቀረሽም» አሉ። «ሳልከፍል አንድ ወር አላሳለፍኩም እኮ። ከኔ በኋላ ያንን ጋሪ መግፋት ትተሽ ትንሽ እንድታርፊ ነበር።»

አሥራ ስድስት ዓመት ቆጥበው ለኔ ያስቀመጡትን፣ እኔው ፎርም እየሞላሁ ወደ ሳጥን እንጨት እንደቀየርኩት ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። አለቀስኩ።

«እርስዎ ቀሩልኝ» አልኳቸው እንደምንም። «እርስዎንም ከሰኞ ጀምሮ መንግሥት ሰው ቀጥሮ ያስጠብቅልኛል።»

አባቴ የድህነታቸውን ማስረጃ በጥንቃቄ አጥፈው ስሜ ያለበት ሰማያዊ ማኅደር ውስጥ አስገቡትና ወደኔ ገፉት።

«እንግዲያው ይሄም ያንቺ ነው» አሉ።